በመምህሩ ሃንድአውት መሠረት

የሥነ ምድርን ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ በጉጉት የምጠብቀው የሎርድ ኬልቪንን ክፍለ ጊዜ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በብሪታንያ ሥነ ምድር ያስተምሩ የነበሩ ፕሮፌሰሮች የተነባበረውን ዐለት እያሳዩ የምድር ዕድሜ እጅግ ረጅም ነው ሲሉ፣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ኬልቪን ምድር ከግለቷ ለመቀዝቀዝ የፈጀባትን ጊዜ አስልቶ እ.ኤ.አ. በ1862 ወደ 98 ሚሊዮን ዓመት አደረገው፤ በ1897 ደግሞ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን አወረደባቸው። እኔም «ሙቀቱ በየ50 ጫማው ጥልቀት አንድ ዲግሪ ፋራናይት ይጨምራል» የሚለውን መነሻውን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ካሰፈርኩ በኋላ፣ «በ1896 ራዲዮአክቲቪቲ (አንዳንድ አተሞች በራሳቸው እየፈራረሱ ጨረርና ሙቀት የሚሰጡበት ሂደት) ተገኘ፤ ኬልቪንም ይህን የሙቀት ምንጭ ስላላሰላ ተረታ» ብዬ እዘጋለሁ።

በአንዱ ዓመት ማስታወሻ ሲይዝ አይቼው የማላውቀው ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በ100 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ቅዝቃዜው ዘልቆ የሚደርሰው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የራዲዮአክቲቭ ሙቀቱን በመላዋ ምድር እኩል ብናሰራጨው፣ በዚያ ውፍረት ውስጥ የሚኖረው ስሌቱን ብዙም አይለውጠውም።»

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ቁጥሮቹ በራሴ እጅ የተጻፉ ነበሩ።

«ይህ ለፈተና አይመጣም» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ተቀመጠ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ልጁ ልክ ነበር። ይባስ ብሎ፣ የኬልቪን የቀድሞ ረዳት የነበረው ጆን ፔሪ የምድር ውስጠኛው ክፍል በዝግታ የሚዘዋወር ከሆነ ሙቀቱ ከጥልቁ እየተተካ ስለሚወጣ ዕድሜዋ በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ በ1895 ኔቸር መጽሔት ላይ ጽፎ ኖሯል፤ ራዲዮአክቲቪቲ ከመገኘቱ ከዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሃንድአውቱን የወረስኩት ከእኔ በፊት ትምህርቱን ይሰጡ ከነበሩ አንጋፋ ባልደረባዬ ነው። ስማቸውን አላነሣም፤ ነገሩን ስነግራቸው ግን «ተማሪ ይደናገርብሃል፣ ተወው» ከማለት በቀር ሻያቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

ፈተናው አስቀድሞ ተባዝቶ ስለነበር «የኬልቪንን ስሌት የረታው ግኝት የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ማውጣት አልተቻለም። የዚያን ልጅ ወረቀት ሳርም የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «በመምህሩ ሃንድአውት መሠረት፣ ራዲዮአክቲቪቲ።» «በመምህሩ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ቀዩን ስክሪብቶ ይዤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት፤ ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?