ለእህቴ ልጅ የውትድርና ቅጽ ከመፈረሜ በፊት

የእህቴ ልጅ አንድ ምሽት በሁለት የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ» አለኝ። ጣቱ ያረፈው ከቅጹ ግርጌ «የወላጅ ወይም የሕጋዊ አሳዳጊ ስምምነት» ከሚለው መስመር ላይ ነበር። እናቱ ካረፈች ወዲህ አሳዳጊው እኔ ነኝ። ዕድሜው ያኔ 16 ዓመት ከ8 ወር ሲሆን በፈቃዱ ወታደር መሆን ፈልጓል።

የመጀመሪያው ስህተቴ መቆጣቴ ነው። «ከ18 ዓመት በታች ውትድርና በዓለም ሕግ የተከለከለ ነው!» ብዬ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት። ልጁ አልተከራከረኝም። በማግስቱ ግን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አማራጭ ፕሮቶኮልን፣ ማለትም ስለ ልጆችና ጦርነት በኋላ የታከለውን ስምምነት፣ በስልኩ ከፍቶ አንቀጽ 3ን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። አፈርኩ። እኔ ያነሳሁት ቁጥር እውነት ቢሆንም ቦታው ሌላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው ኮንቬንሽን በአንቀጽ 38 መንግሥታት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ወደ ጦር ኃይላቸው እንዳይመለምሉ ያዛል። በ2000 የጸደቀውና በ2002 ሥራ ላይ የዋለው አማራጭ ፕሮቶኮል ከዚያ አልፎ ሄደ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው በግዴታ መመልመልን ጨርሶ ከለከለ። ለውዴታው ግን 18ን አላስቀመጠም። ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ15 ከፍ አድርጉ፣ ስታጸድቁም ቁጥሩን በአስገዳጅ መግለጫ አሳውቁ ብሎ ለየአገሩ ተወው። ብሪታንያ ከ16፣ አሜሪካ ከ17 ዓመት ጀምሮ በወላጅ ስምምነት የሚመለምሉት በዚሁ በር ነው። ከመንግሥት ጦር ውጭ ለሆኑ የታጠቁ ቡድኖች እንዲህ ያለ በር የለም፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ በፈቃዱም ቢመጣ ሊቀበሉት አይገባም። እኔን ቢጠይቁኝ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርን እመርጣለሁ። ሕፃን ማለት ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ነው ይልና ሕፃን አትመልምሉ ብሎ ያበቃል። ግን የጠየቀኝ የለም፤ የምንኖርበት አገር መግለጫም 17 ነው የሚለው።

ስለዚህ ቁጣዬን ትቼ አንቀጽ 3ን አትሜ በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩ። ከ18 ዓመት በታች ያለን ፈቃደኛ የሚቀበል መንግሥት ቢያንስ አራት ነገር ማረጋገጥ አለበት፦ ምልመላው በእርግጥ በውዴታ መሆኑን፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነገሩን አውቆ መስማማቱን፣ ልጁ የሚጠብቀውን ግዴታ በሚገባ መረዳቱን፣ ከመቀጠሩም በፊት አስተማማኝ የዕድሜ ማስረጃ ማቅረቡን።

አራተኛው ላይ ስደርስ ወደ ቅጹ ተመለስኩ። በዕድሜ ሣጥኑ ውስጥ በሰማያዊ እስክርቢቶ 17 ተጽፏል። ወረቀቱን ወደ መብራቱ ከፍ ሳደርገው ከሰማያዊው ሥር በእርሳስ ተጽፎ የተፋቀ 16 ታየኝ፤ የስድስቷ ሆድ ገና አልጠፋም። «ማን ጻፈው?» አልኩት። «መልማዩ። የትምህርት ቤቱ ማስረጃ ይበቃል አሉኝ።» የትምህርት ቤቱ መዝገብ አንደኛ ክፍል ቶሎ እንዲገባ ብለን አንድ ዓመት የጨመርንበት ነው። ውሸቱን የጀመርነው እኛው ነበርን ማለት ነው፤ ይህን ለልጁ መንገር ከቁጣው ይልቅ ከበደኝ። የልደት የምስክር ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየሁትና «17 ሲሞላህ በዚህ እንሄዳለን» አልኩት። ለሁለት ሳምንት አኮረፈኝ።

ከአራት ወር በኋላ አብረን ሄድን። ጥያቄዎቼን ጽፌ ይዤ ነበር፤ ይህን ማድረጌ በጀኝ፤ በቃል ብጠይቅ ኖሮ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ፎቶግራፎች ፊት ግማሹን እረሳው ነበር። የመጀመሪያው መልማይ የሰጠን መልስ ሁሉ «አይጨነቁ» ነው። ሁለተኛው፣ ጠጉራቸው የሸበተ የበታች ሹም፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና ወረቀቴን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

18 ሳይሞላው ወደ ውጊያ ይላካል ወይ? አይላክም አሉ። ፕሮቶኮሉ በዚህ ላይ የሚለው መንግሥታት «የሚቻለውን እርምጃ ሁሉ» ይውሰዱ ነው፤ ፍጹም ክልከላ አይደለም። ስለዚህ የአገሩን መመሪያ ገጽ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ፤ አሳዩኝ። ሐሳቡን ቢቀይርስ? 18 ዓመት እስኪሞላው አስቀድሞ በጽሑፍ አስታውቆ መልቀቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውሉ ያስረዋል። ልጁ ይህን መልስ ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሹሙን አያቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ተራ ነገር መስሎኝ ነበር፦ የአራት ዓመቱ የአገልግሎት ውል የሚቆጠረው ከመቼ ነው? ሹሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «18 ከሞላው ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያገለገለው አይቆጠርለትም።»

ሹሙ ባዶውን ቅጽ ከነማብራሪያው በፖስታ አድርገው ሰጡን፤ ሳይፈረም ይዘነው ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «አሁን ብገባ አምስት ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት ብገባ አራት ማለት ነው» አለ። አዎ አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም፤ ያን ቀን አፌን በመያዜ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። እኔ በቁጣ ያላስቆምኩትን እሱ በሒሳብ አቆመው። እውነቱን ለመናገር፣ ያንኑ ቀን እንድፈርም ቢጠይቀኝ ኖሮ እፈርምለት ነበር። መልሶቹን በጽሑፍ አይቻለሁ፤ ስምምነቴ ከድካምና ከንዝንዝ የመጣ አይሆንም ነበር።

ዓመቱን ትምህርቱን ጨረሰበት። ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ በልቤ ተስፋ ማድረጌን አልክድም። 18 በሞላ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን አስሮ በክፍሌ በር ላይ ቆመ። ፖስታውን ፈልጌ ላመጣ ስነሳ «እሱ ይቅር ጋሼ፣ አዲሱ ቅጽ የአሳዳጊ መስመር የለውም» አለኝ። የመጣው የልደት የምስክር ወረቀቱን ሊወስድ ነበር።