ጸጥ ያሰኘሁት መስመር

በአንድ መካከለኛ የንግድ ድርጅት የሲስተም አስተዳዳሪ ሆኜ በተቀጠርሁ ሰሞን፣ የሒሳብ ክፍሉ ዳታቤዝና የሠራተኛው የጋራ ፋይሎች የሚገኙበትን የሊኑክስ ሰርቨር ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚያጋጥመውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከስህተት ለማጽዳት ቆርጬ ተነሣሁ። የሊኑክስ ሎግ መልእክቶችን ከ0 እስከ 7 በክብደት ይመድባል፤ 0 እጅግ ከባዱ ሲሆን ስህተት የሚባለው 3ኛው ነው። እኔም ከ0 እስከ 3 ያሉት ብቻ በየማለዳው በኢሜይል እንዲደርሱኝ አደረግሁ።

የመጀመሪያው ኢሜይል አስደነገጠኝ። ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር የኤሲፒአይ (አምራቹ የማሽኑን ዕቃዎች ለሊኑክስ የሚዘረዝርበት ሠንጠረዥ) ስህተቶች ይደረደራሉ፤ ከኢንተርኔት በኤስኤስኤች፣ ሰርቨርን ከሩቅ በሚያዙበት መንገድ፣ ለመግባት የሚሞክሩ የማይታወቁ ማሽኖች ግንኙነቱን ባቋረጡ ቁጥር አንድ አንድ መስመር ይጥላሉ፤ ማንም የማይጠቀምበት የዲቪዲ ማጫወቻ ደግሞ ባዶውን ተቀምጦ «አይ/ኦ ኤረር፣ ኤስአር0፣ ሴክተር 0» ይላል፤ ኤስአር0 የተባለውን የማጫወቻውን የመጀመሪያ ቁራሽ (ሴክተር) ማንበብ አልቻልሁም ማለቱ ነው። የኤሲፒአዩን መስመር ለማጥፋት ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑን የሚያስነሣውን ባዮስ ሳድስና የከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ ቅንብር ስለዋውጥ ቆየሁ። ነገሩ ግን የማዘርቦርዱ አምራች በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ነገር ጠቅሶ በመተዉ የመጣ ነበርና ከርነሉ ይመዘግበዋል፣ አልፎትም ይሄዳል።

ከእኔ በፊት ሰርቨሩን ይጠብቁ የነበሩት አንጋፋ ባልደረባዬ በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና፣ «ለመሆኑ ይህ መስመር በመውጣቱ የቆመ ሥራ አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ታሳድደዋለህ?»

ምክሩ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን ከልክ በላይ አሰፋሁት። ሥራ የማያስቆመውን ሁሉ ከኢሜይሉ የሚያስቀር ማጣሪያ ስጽፍ፣ ለዲቪዲው መስመር «ኤስአር0» የሚለውን ስም መጨመር ሰነፍሁና «አይ/ኦ ኤረር» የሚል ሁሉ እንዲቀር አዘዝሁ። ኢሜይሉ በማግስቱ ባዶ መጣ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱም የቻለውን ያህል ታግሶ አለቀ። ጠዋት ሰርቨሩ ሲነሣ የሒሳብ ክፍሉ እንደ ወትሮው ሥራውን ጀመረ፣ ማንም አላማረረም። እኔ ግን እግረ መንገዴን የሬይዱን፣ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ዳታ የሚይዙበትን ጥንድ፣ ሁኔታ ስመለከት፣ ለእያንዳንዱ ደህና ዲስክ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት «ዩ» ሊኖርበት በሚገባው ቅንፍ ውስጥ ያለው አንድ «ዩ»ና አንድ ሰረዝ ነበር። ሁለተኛው ዲስክ፣ ኤስዲቢ፣ ከጥንዱ ወጥቷል።

ማጣሪያውን አንሥቼ ሎጉን ወደ ኋላ ብመለከት ኤስዲቢ ለ19 ቀናት ሲጮህ ኖሯል። በየሌሊቱ ባክአፕ በሚወሰድበት ሰዓት «አይ/ኦ ኤረር» ይላል፤ የሴክተሩ ቁጥርም በየጊዜው ይለያያል፣ መጀመሪያ በሌሊት አንድ የነበረው ኋላ ስድስትና ሰባት ደርሷል። ሬይድ 1 አንዱ ዲስክ ያላነበበውን ከሌላው እያነበበ ስለሚሞላ የቆመ ሥራ አልነበረም። እንዲያውም ሬይዱ ስህተቱን ማረሙን የሚገልጸው መስመር የተመዘገበው በ6ኛው ደረጃ፣ ማለትም እንደ ተራ መረጃ ነው፤ ማጣሪያ ባልጽፍም እንኳ በኢሜይሌ አይደርስም ነበር። ደረጃውን የሚሰጠው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛ ሒሳብ ክፍል ዳታ የት እንደተቀመጠ በምን ያውቃል?

የኤሲፒአዩ መስመር በእያንዳንዱ መነሣት ቁጥሩም ቃሉም አንድ ነው። የዲስኩ ግን ዳታ የተቀመጠበትን ዕቃ በስሙ ይጠራል፣ ከቀን ወደ ቀንም ይበዛል። ስማርቱን፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን ቆጠራ፣ ሳነብ በ197ኛው መለኪያ፣ ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች በሚቆጠሩበት ላይ፣ 24 ተጽፎ አገኘሁ።

አዲስ ዲስክ የተገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ሬይዱ ባለ 2 ቴራባይቱን እስኪያመሳስል አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የድርጅቱ ዳታ የነበረው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ስለነበር፣ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ልቤ ይሰነጠቅ ነበር። ጋሼም ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ እንጂ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም።

ዛሬ ማጣሪያው «ኤስአር0»ን በስሙ ይጠራል፣ የስማርት ቆጠራም በየማለዳው ከኢሜይሉ ጋር ይመጣል። የኤሲፒአዩ መስመር እስካሁን አለ፤ የነካው የለም።