ውሃ ባሕር ዳር ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል? የኮሮላዬ ሙቀት ማስታወሻ

ባለፈው ጽሑፌ የኮሮላዬን ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ቀላቃዩን) ካጸዳሁ በኋላ ቀጥሎ ፍሬን ነው ብያችሁ ነበር። ፍሬኑ ይቆይ። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜዬን ሁሉ የበላው ሙቀት ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለውም እሱው ነው። አንዳንዱ ገጽ ግሪስ ጠጥቶ አይነበብም። የሚነበበውን ላካፍላችሁ።

ለአዲሶች፦ መካኒክ አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ኮሮላዋ በፈረንጅ 1988 የተሠራች፣ 1300 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር ናት። ቅዳሜ ፈትቼ እሁድ እገጥማለሁ። እሁድ የማይበቃኝ ጊዜም አለ።

ነገሩ የጀመረው እናቴን ይዤ ለልቅሶ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ነው። ሐሙሲትን አለፍን፣ ወረታን አለፍን፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ላይ ተኝቷል። ከዓለም በር ወዲያ ዳገቱ ሲበረታ መርፌውም ተነሣ። እኔ ደግሞ "ትንሽ ልግፋ" አልኩ። የገፋሁት ቀዩ መስመር ድረስ ነው። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ ሲል እናቴ "በስመ አብ" ብላ መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩን ከፈተች።

ወርጄ እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ስሰድ፣ ከኋላችን የቆመ የአይሱዙ ሹፌር "ተው ወንድሜ! ፊትህ ይላጣል!" ብሎ ጮኸብኝ። የዚያን ቀን ያሳየኝን ዛሬም አደርገዋለሁ። ውሃው ጨርሶ ካልፈሰሰ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም። ጥግ እይዝና የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍቼ፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር እተወዋለሁ። ማሞቂያው ማለት እኮ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ነው። መርፌው ካልወረደ አጥፍቶ መቀመጥ ነው። ክዳኑ የሚነካው ላይኛውን የጎማ ቱቦ ጨብጠህ ሳያቃጥልህ ሲቀር ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አይገለበጥም፤ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋውን የሞተር ራስ) ይሰነጥቃል።

ለቀብሩ አልደረስንም። እናቴ እስካሁን ታነሣብኛለች።

ከተማ ስንመለስ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከፍቶ ሲያይ ራዲያተሩ ጎድሏል፣ የመጠባበቂያው የውሃ ጠርሙስ ግን እስከ አፉ ሞልቷል። "ጌታው፣ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል። ይወርዳል" አለኝ። የጠራውን ዋጋ አልጽፈውም፣ ባለቤቴ ታነበው ይሆናል።

ሰውየው ያለ ምክንያት አልተናገረም። ጋስኬት በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው፤ ሲቃጠል የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው ያልፍና ውሃውን ወደ ጠርሙሱ ይገፋዋል። ግን ጋስኬት ብዙ ምልክት አለው። ሌሎቹን ሳላይ ቴስታታ አላስወርድም አልኩ። በነጋታው ማለዳ፣ ሞተሩ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ክዳኑን ከፍቼ አስነሣሁት። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚንፎለፎል አረፋ የለም። የዘይት መሙያውን ክዳን ገለበጥኩት፣ ማኪያቶ የመሰለ ነገር አልተለጠፈበትም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ወፍራም ነጭ ጭስ አይተፋም። ክዳኑን ዘግቼ እንደገና ሳስነሣውም ላይኛው ቱቦ ገና በደቂቃው እንደ ድንጋይ አልጠነከረም። ቴስታታው ባለበት ይቀመጥ።

ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ። ቤቱን ፈታሁት፣ ባዶ! አንዱ አውጥቶ ጥሎታል። "አገራችን ሞቃት ነው፣ ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ነው" የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም። ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይጠጣል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። አንዳንድ ሞተር ላይ ጭራሽ ይብሳል። ውሃው ራዲያተር ሳይገባ የሚመለስበትን አቋራጭ የሚዘጋው ቴርሞስታቱ ራሱ ነው። እሱ ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሞተሩን ላቀዝቅዝ ብለህ ታፈላዋለህ።

አዲስ ገዛሁ። ላዩ ላይ 82 ይላል። ከመግጠሜ በፊት በድስት ልቀቅለው ወሰንኩ። (ድስቱ የሽሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ አልተቀበለችኝም።) የጥገና መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው፦ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት ይጀምራል፣ 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት አለበት። የኬሚስትሪ መምህር ከሆነ ባልደረባዬ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተዋስኩ። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥዬ የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ ለቀቅኩት።

83 ላይ ቫልቩ ስንጥቅ አለ። ልቤ ሞቀ። 88፣ 91፣ 93። ውሃው መንተክተክ ጀመረ፣ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ። 94። ክዳን ደፋሁበት። ያው 94 ገደማ። ቫልቩን በማስመሪያ ስለካው 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፣ ቴርሞስታቱንም አስመስለው ሸጠውልኛል ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ላስረክበው ሄጄ ስነግረው ባልደረባዬ እስኪያስለው ሳቀብኝ። "ስሟ ባሕር ስለሆነ የባሕር ወለል ላይ ያለህ መሰለህ? ባሕር ዳር እኮ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ውሃ በ100 የሚፈላው ምጽዋ ነው። እዚህ በ94 ይፈላል፣ ደብረ ታቦር ብትወጣ በ91።"

ቴርሞሜትሩም ቴርሞስታቱም ደህና ናቸው። የላቀ የአየር ግፊት ባለበት ቦታ ውሃ ለመፍላት ይከብደዋል፤ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ይህንን ስምንተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ከመኪናዬ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም።

ማታ ደብተሬን ዘርግቼ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። የኔ መኪና ፋን የሚነሣው 93 አካባቢ ነው። ውሃው ደግሞ በ94 ይፈላል። ታዲያ ባሕር ዳር ላይ አንድም መኪና ሳይፈላ እንዴት ይውላል? መልሱ ክዳኑ ነው። የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ቡሽ አፍ መዝጊያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ውስጡ ስፕሪንግ ያለው የግፊት ቫልቭ ነው። የኔው ላይ 0.9 ተጽፎበታል፣ 0.9 ባር ገደማ ግፊት ማለት ነው፤ ውስጡ ከውጭው አየር በዚያን ያህል ሲበልጥ ነው የሚለቀው። ያ ግፊት እስካለ ድረስ እዚህ ከተማ ውሃው እስከ 115 ገደማ አይፈላም። ክዳኑ ካልያዘ ግን መኪናህ ክፍት ድስት ናት። ፋኑ ገና ሥራ ከመጀመሩ ውሃው ይንተከተካል። ምጽዋ ላይ የላላ ክዳን ጥቂት ዲግሪ ትርፍ ይተውልሃል። ዓለም በር ዳገት ላይ ምንም አይተውልህም።

በባትሪ መብራት ወጥቼ ክዳኑን አየሁት። የማሸጊያው ጎማ ደርቆ እንደ ቆሎ ይሰበራል፣ አንድ ጎኑ ተነድሏል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭም በዝገት ተጣብቃለች። እሷ ሥራዋ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከጠርሙሱ ውሃ መልሶ መሳብ ነው። ጎማው ስላልያዘ ውሃው ወደ ጠርሙሱ ወጣ፤ ትንሿ ቫልቭ ስለተጣበቀች ሳይመለስ ቀረ። የሞላ ጠርሙስ፣ የጎደለ ራዲያተር። መካኒኩ ጋስኬት ያለው ይህንኑ ምልክት ነው።

መለዋወጫ ሻጩ "የተሻለ አለ" ብሎ ባለ 1.3 ሊሰጠኝ ነበር። አልገዛሁትም። ከኔ ዕድሜ ብዙም የማያንስ ራዲያተር ላይ ግፊት መጨመር ቱቦ ማፈንዳት ነው። ባለ 0.9 ገዝቼ ገጠምኩ። ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግሁ። ሦስት ጠዋት ተከታትዬ አየሁ፤ ውሃው እየወጣ ይመለሳል።

እዚህ ጋ ጽሑፉ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። የቤዛዊት ዳገት አበላሸው። ለሙከራ የመረጥኩት ዳገት እሱን ነው፣ ከከተማው አፍንጫ ሥር ስላለ። የመጋቢት ጠራራ ፀሐይ፣ በሁለተኛ ማርሽ። አልፈላችም፣ መርፌው ግን ከመሃል አልፎ ሽቅብ አየኝ።

እዚህ ላይ ጊዜ ያተረፈልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ መቼ ነው የምትሞቀው? ቆማ ወይም ገበያ አካባቢ ከባጃጅ መሃል እየተንፏቀቀች ብቻ ብትሞቅ ጥርጣሬዬ ፋኑ ላይ ይሆን ነበር፤ ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ይበቃታላ። የኔዋ ግን ገበያው ውስጥ ደህና ናት፣ ዳገት ላይ ትሞቃለች። ያ ማለት ራዲያተሩ የሚመጣለትን ሙቀት መጣል አቅቶታል ማለት ነው። ለማንኛውም ፋኑንም ሞከርኩት። የኔ ሞዴል ላይ ቁልፍ ከፍተህ የሙቀት ስዊቹን ሽቦ ስትነቅለው ፋኑ መዞር አለበት። ዞረ። ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም፣ በአንዳንዱ ተቃራኒው ነው።

ለራዲያተሩ ሙቀት በርቀት የሚለካ መሣሪያ አስፈለገኝ። መጀመሪያ በኮሮና ጊዜ የተረፈውን የግንባር መለኪያ ይዤ ወጣሁ። የሰው ትኩሳት እንጂ የመኪና አያውቅም፣ ከ43 በላይ አልሄድ አለ። ዳቦ ቤት ያለው ጓደኛዬ የምድጃውን አዋሰኝ። ሞተሩን አሙቄ አጠፋሁና፣ ፋኑ ድንገት ጣቴን እንዳይበላኝ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ራዲያተሩን ስንዝር በስንዝር ለካሁት። የላይኛው ክፍል 86፣ 84 ይላል። የቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ 50 አካባቢ። ውሃ እዚያ አይደርስም፤ ቱቦዎቹ ተደፍነዋል።

ራዲያተር የሚሠራው ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። የኔው ሙሉ በሙሉ መዳብና ነሐስ ስለሆነ ላዩ በብየዳ እሳት ተለቅቆ ይከፈታል። የፕላስቲክ ራስ ያላቸው አዳዲሶቹ እንዲህ አይሆኑም። ሲከፈት የጠላ አተላ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ። ሰውየው ቀጭን የብረት ልጥ እያስገባ ቱቦ በቱቦ ጠረገው። "ምን ስታጠጣው ኖርክ?" ሲለኝ አፈርኩ። መኪና ከማጥብበት ከጣና ዳር በጀሪካን እየቀዳሁ ነበር የምሞላው። ክረምት ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች የፋርጣንና የፎገራን አፈር ይዘው ሲገቡ የሐይቁ ዳር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ያንን ነው ሳጠጣት የኖርኩት።

አሁን ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ሞላሁ። ኩላንት እዚህ አገር ለበረዶ አይደለም፣ ለዝገት ነው። ስሞላ አየር እንዳይቀርበት ፊቷን ዳገት ላይ አቆምኩ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ እየሠራ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። በዚህ ላይ የቸኮለ ሰው አዲስ ራዲያተር ገዝቶም ያፈላል፤ የታፈነ አየር ባለበት ውሃ አይደርስም።

ሚያዝያ 12፣ ስድስት ሰዓት ቀን፣ ቤዛዊት፣ አራት ሰው ጭና፦ መርፌው መሃል። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ፣ ገበያውን ዞሬ፣ ተመልሼ ወጣሁ። መሃል። እናቴ ግን አልተሳፈረችም። "ሌላ ሰው መጀመሪያ ደብረ ታቦር ይድረስ" ብላለች።

የዛሬው ገጽ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ጠርሙሱ ላይ ያለው የፕላስተር ምልክት ሦስት ሳምንት ሳይነቃነቅ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት የጣት ውፍረት ያህል ጎድሏል። ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ አረንጓዴ ጠብታ አየሁ። የፓምፑ ማሸጊያ ነው። ቅዳሜ ቺንጋውን አውርጄ እፈታዋለሁ። ፍሬኑ ገና ነው።