ላሚቱ ስንት እስር ናት?

በልጉ ሲዘገይ ስልኬ እረፍት አያገኝም። ድርቆሽ ስንት ገባ፣ ፉርሽካ አለ ወይ፣ ሀርቡ በኩል ጭድ ያለው ሰው ታውቃለህ ወይ ምናምን። እኔ እኮ ነጋዴ አይደለሁም፣ ኮምቦልቻ ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት ከብት አለኝ በቃ፣ ግን በ2008 ክፉኛ ስለከሰርኩ ሰው እንደ አዋቂ ነው የሚያየኝ። የከሰረ ሰው ሲጠየቅ ደሞ ዝም አይልም።

የ2007 ክረምት ኤልኒኞ መጥቶ ዝናቡን ያስቀረ ጊዜ ነው። ቃሉ ወረዳ ያለው የአጎቴ ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሰው ሁሉ እህሉን እህሉን ይላል፣ ከብቱ የሚበላው ግን ከዛው እህል የተረፈውን አይደል፣ ማሽላው ከሌለ አገዳ የለም፣ ጤፉ ከሌለ ጭድ የለም፣ ያችንም ያለችውን ጭድ ጭቃ ቤት የሚሰራው ይሻማሃል። አንድ ነገር ሳልረሳው፣ ዝናብ አቋርጦት የቀጨጨ ወይም ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ ላይ ከብት እንዳትለቁ፣ መርዝ አለው፣ ቆሞ የነበረ በሬ በሰዓታት ውስጥ ይወድቃል። አጭዶ በደንብ ማድረቅ ይሻላል። አጎቴ አንድ ጊደር ሄዳበታለች።

ወደ ራሴ ልመለስ። ያኔ ሰባት ከብት ነበረኝ። ጥቅምት ላይ ድርቆሽ ሲወደድ አይ ይወርዳል አልኩ፣ ጥቅምትና ህዳር እኮ ሳሩ የሚታጨድበት ነው፣ ዋጋው የሚረክሰው ያኔ ነው። ሞኝነቴ እዚህ ጋ ነው፣ በሚረክስበት ወር ከተወደደ ሰኔ ድረስ ምን ሊሆን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ ሀጂ ከስድስቱ ሶስቱን ወዲያው ሸጡ። "አንተም ቀንስ ልጄ፣ ከብቱ ስጋ እያለው ነው የሚሸጥ" አሉኝ። እኔ አብሽሩ ሀጂ፣ አላህ ያውቃል አልኳቸው።

አሁን ሂሳቡን በብር አልነግራችሁም፣ የዛን ጊዜ ብር ለዛሬ ምንም አይነግራችሁም። በእስር፣ ማለትም በታሰረ ድርቆሽ ቁጥር፣ ልንገራችሁ። ቦቄ የምንላት ላም ነበረችን፣ ጥቅምት ላይ ብሸጣት 120 እስር ድርቆሽ ትገዛልኝ ነበር። የካቲት ላይ 60። ግንቦት ላይ ስሸጣት 28። ላሟ ያችው ናት እኮ፣ ግን ድርቆሹ ሽቅብ ሲወጣ የሷ ዋጋ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከስታለች፣ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ይሸጣል፣ የሚገዛውም ምን ላበላት ብሎ ይፈራል። አንድ 300 ኪሎ አካባቢ የምትመዝን ላም በቀን 7 ኪሎ ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፣ እስሩ 15 ኪሎ ከሆነ ግማሽ እስር በሉት። በሰባት ወር ከ100 እስር በላይ ማለት ነው። ወተቷ ታህሳስ ላይ ነጥፏል። እንግዲህ 120 እስር የምታወጣ ላም 100 እስር አብልቼ በ28 ሸጥኳት። ወላሂ ይህን ሂሳብ የሰራሁት ከሸጥኳት በኋላ ነው።

እስር እስር እያልኩ ግን እስሩም ራሱ ያታልላል። ደላላው 15 ኪሎ ነው ይላል፣ አንዴ የጎረቤት ሚዛን ተውሼ ብሰቅለው 11። የ15 ከፍለህ 11 ከወሰድክ ኪሎው ላይ ከሲሶ በላይ ተጨመረብህ ማለት ነው። ከሱሉልታ የሚመጣው ደሞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው፣ ድርቆሽ አይሱዙውን በክብደት ሳይሆን በስፋት ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ ከሳሩ ይልቅ ለናፍጣው ነው የምትከፍለው። እጃችሁን እስሩ መሀል ክተቱ፣ ከሞቀ ወይም ከረጠበ ተዉት፣ ይሻግታል። ፋጉሎም፣ ዘይት ተጨምቆ የሚቀረው፣ እንደዛው፣ የሻገተ ፋጉሎ መርዙ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ወተቱን ደሞ ልጆቻችን ናቸው የሚጠጡት። የቢራ ፋብሪካ አተላ ጥሩ ነው፣ እኛ ከተማ ፋብሪካው ስላለ እድለኞች ነን፣ ግን አብዛኛው ውሃ ነው፣ በሁለት ሶስት ቀን ይበላሻል፣ ደሴ ድረስ ጭኖ ዳገቱን ለሚወጣ ሰው የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ጭድ ላላችሁ ዩሪያው ይሰራል። 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ 100 ኪሎ ጭድ ላይ እኩል መርጨት፣ አየር እንዳይገባ በላስቲክ ጥቅጥቅ አድርጎ ቢያንስ 3 ሳምንት መዝጋት። ሲከፈት ሽታው አይን ያስለቅሳል፣ ትንሽ ይናፈስ፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም። ዩሪያውን እንዲሁ የላሰ ከብት ይሞታል፣ በደንብ ቆልፉበት። ቁልቋልም እሾሁን በእሳት ለብልቦ የሚያበላ አለ፣ ጥም ያስታግሳል፣ ብቻውን ግን ያስቀምጣል፣ ከጭድ ጋር ነው።

ሽማግሌዎቹ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አድርገዋል፣ እኔም ነበርኩ፣ አሚን ብያለሁ። ግን ባለፈው ሰኞ ዝናቡን ሳልጠብቅ ወይፈኑንና አሮጊቷን ላም ይዤ ባቲ ገበያ ወረድኩ። ሚስቴ አሮጊቷን በእጇ ነው ያሳደገቻት፣ ማታ ስመለስ ቡናውን እያቀራረበች ፊቷን ሳታዞር "ስንት አወጣች?" አለችኝ።

"ሰባ አራት እስር" አልኳት።

"ብሩን ነው የጠየቅኩህ።"