ስምንት ቁራጭ ከመሀል

የፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣን ናሙና በማይክሮስኮፕ የመመርመር፣ ስፔሻላይዜሽን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ነው። የአንድ የ16 ዓመት ልጅ እግር ከጭኑ አጋማሽ ተቆርጦ ወደ ክፍላችን መጣ። ኦስቲኦሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ወጥቶበት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አሥር ሳምንት ያህል ኬሞቴራፒ ወስዷል። ከእኛ የሚጠበቀው መልስ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ከዕጢው ስንት እጁን ገደለው?

ይህን ራጅ አይመልሰውም። ሌላ ዕጢ መድኃኒት ሲሠራበት ይሟሽሻል፤ ይኼኛው ግን አጥንት እያበጀ ስለሚያድግ፣ ሴሎቹ ሞተው እንኳ ያበጁት አጥንት ባለበት ይቆማል። ባለቤቱ የሞተበት ቤት በሉት፤ ግድግዳው አልፈረሰም፣ ውስጡ ሰው መኖሩን ለማወቅ መግባት ያስፈልጋል።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ዕጢው በቁመቱ በመጋዝ ይሰነጠቅና ከመካከሉ እንደ ሰሌዳ የሳሳ ሙሉ ቁራጭ ይወጣል። ፎቶ ይነሣል፤ ካሬ ካሬ ይሠመርበታል፤ እያንዳንዱ ካሬ ቁጥር ተሰጥቶት ይቆረጣል። ቁራጮቹ ካልሲየማቸው እስኪለቅ አሲድ ውስጥ ለቀናት ይቆያሉ፤ አለበለዚያ ምላጭ ይጨርሳሉ። ለማይክሮስኮፕ የተዘጋጀው እያንዳንዱ ቁራጭ ብሎክ ይባላል፤ ለአንድ እግር ሠላሳ ብሎክ ቢወጣ አይገርምም።

እኔ ስምንት አወጣሁ። ሰበብ አላጣሁም፤ ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ አሲዱም ሊያልቅ ነው ተብሏል። እውነቱ ግን የዕጢው መሀል ቢጫና ደረቅ ሆኖ ሳየው መድኃኒቱ ሠርቷል ብዬ አስቀድሜ ወስኜ ነበር። ስምንቱንም ከዚያው ከመሀል ወሰድኩ። ማይክሮስኮፕ ሥር ያየሁትም ነዋሪ አልባ አጥንት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሲደውል፣ ውጤቱ ገና ሳይፈረም፣ «95 በመቶ» አልኩት። እሱም ለአባትየው ነገራቸው።

90 በመቶ በዚህ ሙያ ትልቅ ድንበር ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የሠሩት ፓቶሎጂስት አንድሪው ሁቮስ ዕጢው ለመድኃኒቱ የሚሰጠውን ምላሽ በአራት ደረጃ ከፍለውታል፤ ዕጢው ከ90 በመቶ በላይ የሞተለት ሕመምተኛ በሽታው ሳይመለስበት የመኖር ዕድሉ ከሌላው የተሻለ ነው።

አለቃዬ ስላይዶቹን አይተው ሲጨርሱ፣ «የካሬው ፎቶ የት አለ?» አሉኝ።

«አላነሣሁም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ 95ቱን ከምን አካፍለህ አገኘኸው?»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የዕጢው ቀሪ ክፍል ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማሊን ውስጥ ስለነበር ተመልሰን ከዳር ዳሩ፣ በተለይም ዕጢው አጥንቱን ጥሶ ጡንቻ ውስጥ ከገባበት፣ 24 ብሎክ ጨመርን። መድኃኒት ያመለጠው ሴል ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው እዚያ ነው። እዚያም ሞልቶ አገኘነው። ድምሩ ሲሠራ የሞተው 70 በመቶ ገደማ ሆነ።

ቀዶ ሐኪሙ ስደውልለት ተናደደ። «መድኃኒቱን የማልለውጥበት ከሆነ ቁጥሩ ምን ይሠራልኛል?» አለኝ። ንዴቱ ቢከብደኝም ጥያቄው ተገቢ ነበር። ዩራሞስ የተባለው ጥናት ከ17 አገሮች 2,260 ሕመምተኞችን መዝግቦ፣ ዕጢያቸው በደንብ ላልሞተው ሁለት መድኃኒት ቢጨመርላቸው ይሻል እንደሆነ ፈትኗል፤ ጉዳቱ ጨመረ እንጂ በሽታው ከመመለስ አልቀረም። የልጁም ሕክምና በዚያው ቀጠለ። አባትየው ግን በ95 ተጽናንተው ነው የሰነበቱት።

የተስተካከለውን ወረቀት ሊወስዱ ሲመጡ እኔው ሰጠኋቸው።

«95 ብለውኝ ነበር» አሉ።

«ያን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። ከመሀሉ ብቻ ቆርጬ ነው ያየሁት። ዳሩን ሳየው ሌላ ሆነ።»

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ማንበብ አለማንበባቸውን አላወቅሁም። ከዚያ፣ «እንግዲህ የሚፈራው የት መሄዱ ነው?» አሉ።

«ሳንባ።»

«ደረቱን በስንት በስንት ጊዜ ላስነሣው?»

በየሦስት ወሩ እንደሚሆን፣ ቀጠሮውን ግን ሐኪሙ እንደሚሰጣቸው ነገርኳቸው። በወረቀቱ ጀርባ ላይ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝና ጻፍኩላቸው።