አሮጌውን የድንጋይ ቤት ለመማሪያ ክፍል ስናድስ

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ያሉ ብዙ የቆዩ ቤቶች ድንጋያቸው በጭቃ የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲታደስ ግንበኛው ቶሎ የሚያነሳው ሲሚንቶ ነው። እባካችሁ አስቁሙት። ጭቃ የያዘውን እርጥበት ወደ ውጭ ይለቃል፤ የሲሚንቶ ልስን ግን ይደፍነዋል። መውጫ ያጣው ውሃ ከልስኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ጭቃውን ያላላዋል፣ የኅዳር ውርጭ ሲመታው ደግሞ ልስኑ ከነድንጋዩ ፊት ይረግፋል።

ቤቱ ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ አንድ ድንጋይ አይነካም።

ሥራው ከውሃ ይጀምር። አሸንዳው ይጠገን፤ በግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይጠረግ። ከተቻለ አንድ ክረምት አሳልፎ እርጥበቱ የት እንደቀረ ማየት ብዙ ወጪ ያድናል። የሲሚንቶ ልስን ካለ በመሮና በመዶሻ ቀስ ተብሎ ይነሳል፤ የመስበሪያ ማሽን ንዝረት ውስጡን ጭቃ ያራግፈዋል።

ለስቲላቱራው፣ ማለትም በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ ለመሙላት፣ በሲሚንቶ ፈንታ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃል። ጥሬ ኖራ ሲበርድ፣ ማለትም በውሃ ሲፈታ፣ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይፈስም፤ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። ከበረደ በኋላ ውሃ ለብሶ 3 ወር ቢያርፍ ጥሩ ሊጥ ይሆናል። መጋጠሚያው የስፋቱን እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ተጠርጎ፣ በውሃ ርሶ ይሞላል። ልስኑ በየዙሩ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይወፍር፤ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ሳምንት ይቆይ። ከ5 ዲግሪ በታች ኖራ አይጠነክርም፤ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ይሻላል፤ የበልጉን ዝናብ በሸራ መከለል ነው።

የመብራት መስመር ለመቅበር ግድግዳ አይፈልፈል። ቱቦው ከጣሪያው ሥር በግላጭ ይሂድ፤ የኢንተርኔቱ ገመድ ከመብራቱ ተለይቶ፣ ከማከፋፈያው እስከ ሶኬቱ ከ90 ሜትር ሳይበልጥ ይዘርጋ።

መጻሕፍት ፎቅ ላይ አይውጡ። የሞላ የ1 ሜትር መደርደሪያ እርከን ብቻውን 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ የስድስት እርከኑን ማስላት ነው። የፎቁን ወለል የተሸከሙት የጽድ ወራጆች መሀላቸው ጤነኛ ቢመስልም ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ጫፋቸው ቀድሞ ይበሰብሳል። በወስፌ ወጉት፤ ያለ ችግር ከገባ የበሰበሰውን ቆርጦ በደረቀ ጽድ መቀጠል ይቻላል፣ ሙሉውን መጣል አያስፈልግም።