ላክስተን ውዬ መጣሁ

ዛሬ ከኖቲንግሃም ወጣ ብዬ ላክስተን የምትባል የገጠር መንደር ዋልኩ። ጫማዬ እስካሁን ጭቃ በጭቃ ነው።

የእንግሊዝ ገጠር እርሻው አብዛኛው በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈለ ነው። እዚህ ግን ሦስት ሰፋፊ ክፍት ማሳዎች አሉ፤ በውስጣቸው የየገበሬው ረጃጅም ቁራሽ መሬት። አንዱ ማሳ ስንዴ ሲዘራበት፣ ሌላው የጸደይ እህል ይይዛል፣ ሦስተኛው ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1635 የተሠራ ካርታ እያንዳንዱን ቁራሽ ያሳያል። አራሹና አጫጁ ሳይቀር ተስለውበታል!

ይበልጥ የገረመኝ ግን የማሳዎቹን ደንብ የሚያስከብረው የጥንቱ የባላባት ችሎት ዛሬም መኖሩ ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ሰዎች አዲስ ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ዞረው ያያሉ። መንገድ ወይም የጋራ ሣር ገፍቶ ያረሰ ይቀጣል። ድንበሩ ከጠፋም ችካል ይመታሉ። ከሳምንት በኋላ ችሎቱ ይሰየማል፣ ያውም መጠጥ ቤት ውስጥ።

ድንበር መግፋት! እኛ አገር ስንቱን ዘመድ ያቆራረጠ ጉዳይ።

አንዷን ችካል ጠጋ ብዬ ነካ ነካ አደረግኳት። አያቴ ቢያያት፣ «ይቺማ አንድ ሌሊትም አታድር» ይል ነበር።